ወደ ምሥራቅ የሚሮጥ ሰው

ባለፈው ጥር፣ ፀሐይ ገና ሳትበረታ፣ አንድ ወጣት መምህር ደጄ ድረስ መጣ። ሱዳን ድንበር ባለችው ከተማችን ሽንፋ በቅርቡ የተመደበ የስፖርት አስተማሪ ነው። የደጋ ልጅ መሆኑን ከአረማመዱ አወቅሁት፤ ድንጋይ እንደለመደ ሰው እግሩን ከፍ እያደረገ ነው የሚረግጠው። እጅ ነሥቶ ከዛፉ ጥላ ሥር ቆመና፣ «አባባ፣ ተማሪዎቼን ዳገት ላስሮጣቸው ፈልጌ ነበር። ማንን ብጠይቅ 'እሳቸውን ጠይቅ' ይለኛል» አለኝ።

እውነታቸውን ነው። ሌላ ማንን ይጠይቃል? ይህ አገር ሜዳ ነው የሚሉ ሰዎች አገሩን በመኪና መስኮት ያዩ ናቸው። ከወንዙ ተነሥቶ ወደ ጭልጋ በኩል ቀስ እያለ ከፍ የሚለውን መሬት፣ አንዱ ጉብታ በሌላው ትከሻ ላይ እንደተኛ በሬ ጋደም ያለበትን አገር፣ እኔ በእግሬ ለክቼዋለሁ። የጎንደር ገደል ሰውን ይሰብራል፤ የእኛ ጉብታ ግን ሰው ያበረታል። ይህን በመጽሐፍ ያነበበ ሰው ካለ ያሳየኝ። እኔ ያወቅሁት ሮጬ ነው።

ለመመካት አይደለም የምናገረው፤ ብመካም የሚከለክለኝ የለም። የትምህርት ቤት አግዳሚ ወንበር ላይ አንድ ቀን አልተቀመጥሁም። ፊደል የቆጠርሁት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ፣ ከጎልማሶች ኋላ መሬት ላይ ተቀምጬ ነው። በሦስተኛው ወር አስተማሪው ሰሌዳው ላይ ሲሳሳት ከኋላ አርመው ጀመር። ከዚያ በኋላ ጽሑፍ ያለበት ነገር ሁሉ መምህሬ ሆነ፤ የትራክተር ዘይት በርሜል፣ የመድኃኒት ካርቶን፣ ስኳር የተጠቀለለበት ጋዜጣ ሳይቀር። እንዲያ ባለ የስኳር ጋዜጣ ላይ ነው ትልልቆቹ ሯጮች እግራቸውን የሚያበረቱት ዳገት በመሮጥ መሆኑን ያነበብሁት። ጋዜጣው ግማሹ ተቀድዶ ስለነበር ቀሪውን ራሴ ጨረስሁት።

ዘመኑ ደርግ ነው። እኔ ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት ወራት ቀርተውኛል። በመንግሥት እርሻው ላይ ሰዓት ተቆጣጣሪ ነበርሁ፤ ሠራተኛው ስንት ሰዓት ገባ፣ ስንት ሰዓት ወጣ ብዬ የምመዘግብ። አባትና እናቴ ወደ ቆላ ይዘውኝ ወርደው ሁለቱም በአንድ ክረምት አልቀዋል። ዘመድ የለኝም። የሰው ሁሉ ደብዳቤ ጸሐፊ እኔ ነኝ፤ የሰው ሁሉ ደብዳቤ አንባቢም እኔ ነኝ። ስለዚህ ሰው ያከብረኝ ነበር፤ ወይም እኔ እንደዚያ ይመስለኝ ነበር።

መሮጥ በዚያን ጊዜ ቀላል ነገር አልነበረም። በድንበር አገር የሚሮጥ ሰው ሁለት ዓይነት ነው፤ ወይ ሌባ ነው፣ ወይ ወደ ሱዳን የሚኮበልል ነው። ጠባቂዎቹ ወደ ምዕራብ የሚሮጥ ሰው ሲያዩ «ቁም» የሚሉት ከተኮሱ በኋላ ነው ይባል ነበር። እኔ ግን ብልሃት አላጣሁም። ለቀበሌው ሊቀ መንበር ማመልከቻ ጻፍሁ፤ «ይህ ግለሰብ የሚሮጠው ለስፖርት መሆኑን እናረጋግጣለን» የሚል ማኅተም ያለበት ወረቀት አወጣሁና በላስቲክ ጠቅልዬ ወገቤ ላይ አሰርሁት። ከዚያም ለራሴ ሕግ አበጀሁ፤ ሁልጊዜ ወደ ምሥራቅ መሮጥ፤ ስመለስ ደግሞ በእርምጃ፣ እጅን ከጎን አርቆ መመለስ። በዚህ ሕግ ማንም አልተኮሰብኝም።

እሑድ እሑድ መንገድ ፍለጋ እወጣ ነበር። ጥሩ የዳገት መንገድ ማግኘት ጥሩ ሚስት ከማግኘት ይከብዳል፤ ሁለቱንም ፈልጌ ያገኘሁ ሰው ነኝና አውቃለሁ። መሬቱ ቀይ ኮረት መሆን አለበት። ጥቁሩ ዋልካ በክረምት ጉልበት ድረስ ይውጣል፤ በበጋ ደግሞ ደርቆ ይሰነጠቅና ስንጥቁ የሰው ባት ያስገባል፤ በላዩ ደረቅ ሣር ስለሚተኛበት አይታይም። ግራር ካለበት እሾህ አለ። በጣም ቀጥ ያለ ዳገት ትንፋሽን ይገድላል፤ በጣም ገር የሆነው ደግሞ ምንም አያስተምርም። ሁለት ክረምትና ሁለት በጋ ፈልጌ አንድ መንገድ አገኘሁ። ከእርሻው ጋራዥ ይነሣል፤ የላሎ ዛፎች ያሉበትን ጉብታ በቀኝ ትከሻው ይወጣል፤ ከዚያ ይወርድና ግመሌ የምንለውን ባለ ሻኛ ኮረብታ እስከ ጫፉ ይወጣል። አራት ሺህ ከሦስት መቶ ርምጃ ነው። እንከኑ አንድ ብቻ ነው፤ በሁለቱ ጉብታዎች መካከል ሦስት መቶ ርምጃ ያህል ዋልካ አለበት። ዞሮ ማለፍ ይቻል ነበር። ቢዞር ግን መንገዱ ይጎብጣል፤ እኔ ደግሞ ቀጥታ እንዲሆን ፈለግሁ። ከግመሌ ጫፍ ላይ ቆመህ ስታየው እንደ ክር የተወጠረ ነበር። በጣም ያምራል።

ይመርን ያወቅሁት በዚያ መንገድ ላይ ነው። የወሎ ሰው ነው፤ ሰሊጥ ለማጨድ መጥቶ ያልተመለሰ፣ ሦስተኛ ዓመቱን የያዘ ሳሉግ። ከደጋ ለሥራ ወርዶ ቆላ የቀረውን ሠራተኛ እኛ እንደዚያ እንለዋለን። ቁመቱ ረዘም ያለ፣ ቀጭን፣ አፉ የማያርፍ ሰው ነበር። አንድ እሑድ ላሎው ጉብታ ላይ እያለከለክሁ ስደርስ ከጥላው ሥር ተጋድሞ አየኝ።

«ማን ነው የሚያሳድድህ?» አለኝ።

«ማንም።»

«ታዲያ ምን ሆነህ ትሮጣለህ?»

«እግሬ እንዲበረታ።»

«እግርህ በርትቶ ምን ሊያደርግልህ? የምትሄድበት የለህ።»

ተናድጄ፣ «አንተ ይህን ዳገት በሩጫ ትወጣዋለህ?» አልሁት። ተነሥቶ በረባሶውን አወለቀና በእጁ ይዞ ወጣው። እኔ ያን ዳገት ለመድፈር አንድ ዓመት ፈጅቶብኛል፤ እሱ ሳቅ እያለ ወጣው። ይህን ስጽፍ እጄ ይከብደኛል፤ ቢሆንም ዳገት ላይ ይበልጠኝ ነበር። ቁልቁለትና ዋልካ ላይ ግን እኔን የሚያህል አልነበረም። ስንጥቁን ከሣሩ አተኛኘት የማወቅ ነገር የኔ ብቻ ነው። ዋልካው ጋ ስንደርስ እኔ እመራለሁ፣ እሱ ኮቴዬን ኮቴዬን ይረግጣል፤ ዳገቱ ላይ ደግሞ ያልፈኝና ከላይ ሆኖ፣ «ና እንጂ ሊቁ፣ ጋዜጣው እንዲህ አይልም?» እያለ ያሾፍብኛል። ስንመለስ ምግብ የምትሸጥ አንዲት ሱዳናዊት ዘንድ ጎራ ብለን ፉል በሰሊጥ ዘይት እንበላለን፤ ከርከዴ እንጠጣለን። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ፉል በልቼ አላውቅም፤ ሩጫው ይሆናል ያጣፈጠው።

በዚያ ዓመት የሰሊጡ አጨዳ አልቆ ማሽላው ሲወቃ፣ ለብሔራዊ ውትድርና የሚላክ ሰው ቁጥር ለቀበሌው መጣ። ቀበሌው የራሱን ልጆች መስጠት አልፈለገም። ማንም አይፈልግም። ዝርዝሩ ሲወጣ ከላይ የተጻፉት ወላጅ የሌለን ልጆችና ሳሉጎች ነበርን፤ የሚያለቅስልን ሰው ደጅ ስለማይጠና። የኔ ስም አራተኛ ነበር፤ የይመር አምስተኛ። ዝርዝሩን በእጄ ገልብጬ ያባዛሁት እኔው ነኝ። ጽሑፌ ያምር ስለነበር እኔን ጠሩኝ። ስሜን በራሴ እጅ ጻፍሁት፤ ከሥሩም የሱን። ከዚያ በፊት ከሄዱት መካከል የተመለሰው አንድ ሰው ነበር፤ እሱም እጁን ትቶ።

በዚያው ሳምንት ሊቀ መንበሩ ጓድ አሰጌ ቢሮው አስጠራኝ። ወፍራም፣ ድምፁ ለስላሳ፣ ክፉ የማይመስል ሰው ነበር።

«አንተ የዳገት ካድሬ» አለኝ። «ከላይ ደብዳቤ መጥቷል። ከያንዳንዱ ቀበሌ ሁለት ሯጭ ለጎንደር ውድድር ይላካል ይላል። እኔ ስለ ሩጫ የማውቀው የለም። መንገዱን አንተ ምረጥልኝ፤ በጥር ይደረጋል።»

«የሚላኩት ሰዎች ዝርዝሩ ላይ ቢኖሩስ?» አልሁት።

እስክርቢቶውን ጠረጴዛው ላይ መታ መታ አደረገ። «ስፖርተኛ ሆኖ ጎንደር የገባ ሰው ከዚህ ዙር ይወጣል። ሌላ ሰው ይተካል። እሱ የኔ ሥራ ነው» አለ።

ከቢሮው ስወጣ እግሬ መሬት አልነካም። ሁለት ቦታ፤ እኛም ሁለት ነን። መንገዱ የኔ ነው፤ አራት ሺህ ከሦስት መቶውን ርምጃ ከኛ በቀር የሚያውቀው የለም። ለይመር ስነግረው ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይቀልድ ቀረ። «እናቴ ወንድሜን ለጦሩ ሰጥታለች። እኔ እዚህ መሆኔን ብቻ ነው የምታውቀው፤ ወታደር ሆነ የሚል ወሬ ከደረሳት ትሞታለች» አለኝ።

ችግሩ ይመር አሞት ነበር። ከኅዳር ጀምሮ ማምሻውን ያተኩሰውና ጠዋት ይተወዋል። ክንዱና ባቱ እየቀጠነ ሆዱ ግን ወደፊት እየመጣ ነበር። «የማሽላ ገንፎውና የወይካው ወጥ ነው» እያለ ሆዱን መታ መታ አድርጎ ይስቅ ነበር። እኔም ሳቅሁ። ቆላ የሚኖር ሰው ትኩሳት አይደንቀውም፤ ንዳድ ነው፣ ይመጣል፣ ይሄዳል። ንዳድ ደግሞ በላብ ይወጣል ብዬ አምን ነበር። ከማን ሰማሁት? ሰው ሁሉ ይለዋል። እኔ በላዩ ጨመርሁበት እንጂ፤ ላብ የሚያወጣ ከሆነ ብዙ ላብ ቶሎ ያወጣዋል ብዬ አሰላሁ። ስሌቱ አሁንም ትክክል ይመስላል፤ ገዳይ የሆነውም ለዚያ ነው።

አንድ ማክሰኞ ሥራ ቀርቶ ከዛፍ ሥር ተጠቅልሎ አገኘሁት። ያኔ ሽንፋ አንድ ክፍል ጤና ጣቢያ ብቻ ነበራት፤ ያሉት አንድ ድሬሰር፣ አያ ፈንቴ የምንላቸው ሽማግሌ ናቸው።

«አያ ፈንቴ ዘንድ ልሂድና ይዩኝ እንዴ?» አለኝ።

«ምን ብለህ?»

«አሞኛል ብዬ ነዋ። ምን ልበላቸው፣ ሰርግ ልጠራዎ መጣሁ ልበል?»

«አሞሃል ብለው ይጽፉብሃል» አልሁት። «የተጻፈበት ሰው አይሮጥም። ያልሮጠ ደግሞ የት እንደሚሄድ ታውቃለህ። ይልቅ ተነሥ፤ ዛሬ ሁለት ጊዜ ዳገቱን እንውጣ፤ በላብህ ይወጣልሃል።»

«ይለቀኛል?»

«ይለቅሃል። የማላውቀውን ነግሬህ አውቃለሁ?»

«አንተ የማታውቀው ነገር መኖሩን መቼ አውቀህ» አለና ተነሣ። ሆዱ እንዳይወዛወዝበት እናቱ የሰጠችውን ረጅም መቀነት አወጣ፤ እኔ አንዱን ጫፍ ይዤ እሱ እየዞረ ጠመጠመው። የደጋ ሰው ለከባድ ሥራ ሲነሣ ወገቡን እንደሚያስር ማለት ነው። ጥብቅ አድርጌ ነው የሳብሁት። ሁለት ጊዜ ወጣን። እንደ ዝናብ አላበው፤ ማምሻውን ትኩሳቱ አልመጣም። እኔ ያን ማታ ራሴን እንደ ሐኪም ቆጥሬ ተኛሁ።

በውድድሩ ቀን ከጧቱ አንድ ሰዓት ጋራዡ ደጃፍ ተሰለፍን። አሥራ አንድ ነበርን። ከነዚያ ውስጥ የሚያሠጉን ሁለት ናቸው፤ አንዱ የባለ ሱቁ ልጅ፣ ሸራ ጫማ ያደረገ፤ ሁለተኛው ደግሞ ከግመል ኋላ ሲሮጥ ያደገ አንድ ዝምተኛ ግመል ነጂ። ጓድ አሰጌና ሹማምንቱ ግመሌ ጫፍ ላይ ሸራ አስወጥረው ቀድመው በትራክተር ወጥተዋል። ከዚያ ሆነው መንገዱን ሙሉ ያዩታል። «ከዚህ ላይ ሁሉም ነገር ይታያችኋል» ብዬ ቦታውን የመረጥሁላቸው እኔ ነኝ፤ በዚያም ኮርቻለሁ።

ይመር አጠገቤ ቆሞ እጁን ወገቡ ላይ አድርጓል። ከንፈሩ ደርቋል። «ዛሬ ከላብ ጋር እኔም እንዳልወጣ» አለኝ።

ፊሽካው ተነፋ። ላሎው ጉብታ ላይ ይመር ሁሉንም ጥሎ ሄደ። የታመመ ሰው እንዴት እንደዚያ እንደሮጠ አሁንም አይገባኝም፤ ፈርቶ ነው መሰለኝ፤ ፍርሃት የሚሰጠው እግር ከጉልበት ይበልጣል። እኔ ሁለተኛ ነበርሁ፤ ከኋላዬ ግመል ነጂው፣ ከሱ ኋላ የባለ ሱቁ ልጅ። ጫፉን አልፈን ስንወርድ ቁልቁለቱ የኔ ስለሆነ ወደ ይመር ቀረብሁ። ዋልካው ላይ ሲደርስ ግን ገና ሃያ ርምጃ ያህል ይቀድመኝ ነበር። በልምምዱ ሁልጊዜ እኔ ነበርሁ የምመራው። ያን ቀን የሚረግጠው ኮቴ ከፊቱ አልነበረም። «ቀስ በል» ብዬ ልጮህ ፈለግሁ፤ ትንፋሽ አጣሁ። ትንፋሼን ለዳገቱ እየቆጠብሁት ነበር ብል ይሻላል።

ቀኝ እግሩ ጠፋ። ሣሩ ዋጠው። ወደፊት ተወረወረና በሆዱ መሬቱን መታ። ድምፁን ሰማሁት፤ እህል የሞላ ጆንያ ከተሳቢ ላይ ሲወድቅ ያለው ድምፅ ነው።

ስደርስበት እግሩን አውጥቶ በክንዱ ሊደገፍ ይሞክራል። ቀና ብሎ አየኝ። ለራሴ ለብዙ ዓመት «ሂድ ብሎኛል» እያልሁ ኖሬአለሁ። አላለኝም። ቁምም አላለኝም። አየኝ ብቻ። ከኋላዬ የግመል ነጂው ኮቴ ይሰማኛል። ብቆም ሁለታችንም ዝርዝሩ ላይ እንቀራለን፤ ብሄድ አንዳችን እንተርፋለን፤ እሱም ተነሥቶ ሁለተኛ ሊወጣ ይችላል፤ ዳገት ነው የቀረው፣ ዳገት ደግሞ የሱ ነው። ይህን ሁሉ በሁለት ርምጃ ውስጥ አሰብሁት። አእምሮዬ ፈጣን ነው። ከጎኑ አለፍሁ፤ ስንጥቆቹን አንድ በአንድ እየዘለልሁ፣ አንዱንም ሳልስት።

ግመሌን እንደዚያ ቀን ወጥቼው አላውቅም። አንደኛ ወጣሁ። ጓድ አሰጌ እጄን ይዞ ወደ ላይ አነሣው፤ ሰው አጨበጨበ። ግመል ነጂው ሁለተኛ፣ የባለ ሱቁ ልጅ ሦስተኛ ገባ። አራተኛው ይመር ነው። እየሮጠ አይደለም፤ በእርምጃ። ቀኝ እጁን ግራ ትከሻው ላይ ጭኖ፣ እግሩን እየቆጠረ ወጣ። አንዳንዶቹ ሳቁ። አጠገቤ ደርሶ ተቀመጠና፣ «ሁለተኛው ማነው?» አለኝ።

«ግመል ነጂው።»

ራሱን ነቀነቀ። ፊቱ አመድ መስሏል። «ትከሻዬን ነው ያመመኝ» አለ። «የወደቅሁት በሆዴ፣ የሚያመኝ ትከሻዬን። እንዲህ ያለ ነገር ጋዜጣህ ላይ አላየህም?»

አላየሁም ነበር። ትከሻው የተናጋ መስሎኝ ላሸው ጀመርሁ። ጥቂት ቆይቶ መቀነቱን እንድፈታለት ጠየቀኝ፤ ስፈታው ሆዱ እንደ ጣውላ ደርቆ አገኘሁት። ያኔ ነው የደነገጥሁት። ሹማምንቱን ባመጣው ትራክተር ተሳቢ ላይ ጭነን ወደ ጤና ጣቢያው አወረድነው።

አያ ፈንቴ ሆዱን በሁለት ጣታቸው ብቻ ነው የነኩት። ከዚያ የዓይኑን ቆብ ገልብጠው አዩና እጃቸውን ታጠቡ።

«ይህ ሰው ከመቼ ጀምሮ ነው የሚያተኩሰው?» አሉ።

«ከኅዳር» አልሁ።

«ካላዛር ነው፤ ወይም ንዳዱ በልቶታል። ጣፊያው እስከ እምብርቱ ወርዷል። እንዲህ ያለ ጣፊያ እንኳን በውድቀት በጥፊም ይፈነዳል፤ የቆላ ሽማግሌ ሁሉ የሚያውቀው ነው። አሁን ውስጡ ደም እየፈሰሰ ነው፤ ትከሻውን የሚያመውም ለዚያ ነው።» ወደኔ ዞሩ። «ይህን ሰው ማን ነው ያስሮጠው?»

ክፍሉ ውስጥ ሦስታችን ብቻ ነበርን። በደጁ ሰው ስለኔ ድል ሲያወራ ይሰማል።

«እሱ ራሱ ነው የሮጠው» አልሁ።

ይመር ዓይኑን ከጣሪያው ላይ ወደኔ መለሰ። ብዙ አየኝ። ከዚያ፣ «አዎ አያ ፈንቴ፣ በራሴ ነው» አላቸው። «እሱማ ጥሩ መንገድ ነው የመረጠልን።»

እሳቸው ማድረግ የሚችሉት አልነበረም። ዋናው መንገድ ላይ ያለችው ሸኸዲ ድረስ መኪና ቢገኝ ጎንደር ሆስፒታል ሊደርስ ይችላል አሉ። የእርሻው ላንድሮቨር በዚያ ቀን የእርሻውን ኃላፊ ይዛ ወጥታ ነበር። በዚያው ተሳቢ ላይ የማሽላ አገዳ ጎዝጉዘን ተነሣን። ራሱን ጭኔ ላይ አድርጌ ይዤዋለሁ። ትራክተር በዋልካ መንገድ ላይ እንዴት እንደሚነጥር ያየ ያውቃል፤ በያንዳንዱ ጉድጓድ ላይ ፊቱ ሲጨማደድ አያለሁ። ውኃ ጠማኝ ይላል፤ ድሬሰሩ አትስጠው ብለውኛል። አንድ ጊዜ፣ «ተለቀቅሁ፣ ትኩሳቱ ለቀቀኝ» አለ። እውነቱን ነበር፤ እጁ በረዶ ሆኗል። ፀሐይ መሐል ሰማይ ላይ ስትደርስ፣ ሸኸዲ ገና ሳትታይ፣ ለአሽከርካሪው ሞተሩን እንዲያጠፋው ነገርሁት።

በሳምንቱ ወደ ጎንደር የሚያስኬደኝን ወረቀት ልቀበል ጓድ አሰጌ ቢሮ ገባሁ። ዝርዝሩ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል፤ የኔ ጽሑፍ ነው። ቀዩን እስክርቢቶ አነሣና ማስመሪያ አስቀምጦ ስሜን ሰረዘው። ማስመሪያውን ሳያነሣ አንድ መስመር ወደ ታች ዝቅ አደረገና አምስተኛውን ስም ሰረዘ። ሁለቱ መስመሮች አንድ ዓይነት ነበሩ፤ አንዱ ስም ለምን እንደተሰረዘ፣ ሌላው ለምን እንደተሰረዘ ከወረቀቱ ላይ ማንም ሊለየው አይችልም። በሁለታችን ቦታ ሁለት ሳሉጎች ገቡ። ግመል ነጂው ከመጀመሪያውም ዝርዝሩ ላይ አልነበረም።

ጎንደር ሄድሁ። ከደጋ ልጆች ጋር ሮጬ ሰባተኛ ወጣሁ፤ ለቆላ ሰው ትልቅ ነገር ነው። ቡድኑ ውስጥ አስቀሩኝ፤ ዙሩም አለፈኝ። ለይመር እናት ደብዳቤውን የጻፍሁት እኔ ነኝ፤ ሌላ ማን ይጽፋል። ንዳድ እንደወሰደው ጻፍሁ። ስለ ሩጫው አንድ መስመር አላስገባሁም። ጽሑፉ ግን በጣም ያማረ ነበር።

እንግዲህ ያን መምህር ይዤው ወጣሁ። ስድሳ ዓመት አልፎኛል፤ ላሎው ጉብታ ላይ ስንደርስ የደከመው እሱ ነው። መንገዱን ሲያየው ወደደው፤ ፎቶ ያነሣል፣ በስልኩ ይለካል። ዋልካው ጋ ስንደርስ እጁን ያዝሁና በግራ በኩል አዞርሁት።

«በቀጥታ ያጥራል እኮ፣ አባባ» አለኝ።

«በዚህ ትዞራለህ» አልሁት። «ሌላም አለ። አንድም ልጅ ከማስሮጥህ በፊት ጤና ጣቢያ ወስደህ ሆዱን ታስነካለህ። የሚያተኩሰው ካለ ሳምንትም ቢሆን ወርም ቢሆን አይሮጥም።»

ሳቀ። «የኔ ልጆች ጤነኞች ናቸው፤ አያስቡ።»

«ይመርም ጤነኛ ነበር» አልሁት። «እንደዚያ የምለው እኔ ነበርሁ።»

«ይመር ማን ነው?» አለኝ።

እኔ ያን ድል ያላወራሁበት ሰርግ፣ ያላወራሁበት ለቅሶ፣ ያላወራሁበት ሱቅ ደጃፍ በዚህ ከተማ የለም። ልጆቼ ከነትንፋሹ ያውቁታል። መምህሩንም መጀመሪያ ወደ ደጄ ያመጣው ያ ወሬ ነው። በዚያ ሁሉ ወሬ ውስጥ ይህ ስም አንድ ቀን ከአፌ ወጥቶ አያውቅም ነበር። አሁን ወጣ፤ ልመልሰው ብሞክር ይቻለኝ ነበር፤ ዘዴ አጥቼ አላውቅምና። አልሞከርሁም። ዳገቱ ላይ፣ ነፋስ ያለበት ድንጋይ ፈልጌ ተቀመጥሁና፣ ልጁንም ተቀመጥ አልሁት።